የሙስታ ሐይቅ በረዶ ለኪ

ታይሚ ሂቲነን በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሴት ነበረች። በቀረችው በአንዷ ቀን ግን የኦራቫላ ከተማ በሙሉ፣ ከከንቲባው ጀምሮ በተንሸራታች ጋሪ ላይ ተጠቅልሎ እስከሚገፋው ሕፃን ድረስ፣ ዓይኑን ከአፏ ላይ አይነቅልም ነበር።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ዕድሜዋ አምሳ ስምንት ነው። ረዘም፣ ቀጠን፣ ከትከሻዋ ትንሽ ጎበጥ ያለች፣ የሟች አባቷን የጠጉር ባርኔጣ ብርዱ ሲገባ አጥልቃ ብርዱ ሲወጣ የምታወልቅ ሴት ነበረች። በከተማው የበረዶ አዳራሽ ውስጥ ሜዳውን የሚያለሰልሰውን መኪና የምትነዳ እሷ፣ የልጆቹን የመንሸራተቻ ጫማ ስለት የምትስል እሷ፣ ተረስቶ የቀረውን ጓንት ለቅማ ማሞቂያው ላይ የምታሰጣ እሷ። ባል አላገባችም። «ከበረዶ ጋር ተጋብተሽ ቀረሽ» እያሉ ሲያሾፉባት፣ «በረዶ ቢያንስ አያንኮራፋም» ብላ ታልፋለች።

ያቺ ልዩ ቀን ከገና ማግስት ባለው ሳምንት የምትውል፣ የታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ውድድር የሚከፈትባት ቀን ናት። የቀሩት ግጥሚያዎች በአዳራሹ ውስጥ ይካሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ ግን እንደ ጥንቱ በሙስታ ሐይቅ ላይ ነው። ሕዝቡ በየብሱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ታይሚ መሰርሰሪያዋን በትከሻዋ አድርጋ ብቻዋን ትገባለች። ዘጠኝ ቦታ ትበሳለች፤ ውፍረቱን በዱላዋ ትለካለች፤ ከዚያም በመካከሉ ቆማ ወደ ሕዝቡ ትዞርና አንዲት ቃል ትጮሃለች።

«ይችላል!»

ያን ጊዜ ልጆቹ እንደ ተፈታ ጥጃ እየፈነጠዙ ይገባሉ። በዚያ ቀን ያቺ ቃል ሳትወጣ ግን ከንቲባም ሆነ ቄስ እግሩን ከየብስ የሚያነሣ አልነበረም።

ልማዱን የጀመሩት አባቷ ናቸው። ታይሚ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ወንድሟ አርማስ ወተት ለማድረስ ሐይቁን ሲያቋርጥ በረዶው ከሥሩ ተከፈተ። ሰዎች ሲደርሱ የወተቱ ጣሳ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ አርማስ የለም። ሐይቁ በጸደይ ሲፈታ የወሰደውን ይመልሳል ይባላል፤ አርማስን ግን አልመለሰም። አባትየው ከዚያ ወዲያ መሰርሰሪያ ገዝተው ሐይቁን መለካት ያዙ፤ መጀመሪያ ለወተት አመላላሾች፣ ቀጥሎ ለደብዳቤ አድራሹ፣ በኋላም ለሆኪ ልጆች። ሲሞቱ ሥራው ለታይሚ ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ለካች፤ ሃያ ስድስት ጊዜ «ይችላል» አለች፤ አንድ ሰው እንኳ እግሩ አልረጠበም። በዚያ ከተማ ስለ ታማኝ ሰው ሲነገር «ቃሉ የታይሚ ነው» እስከ መባል ተደርሶ ነበር።

በዚያ ዓመት ውድድሩ የአገር ልጆች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዓለም አቀፍ ሆነ። ከላትቪያ፣ ከስዊድንና ከቼክ ቡድኖች መጡ። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ፤ ከተማውም በኩራት አበጠ። ከሁሉ ይልቅ ያበጠው የውድድሩ ሰብሳቢ ኤንሲዮ ሃርቲካ ነበር። ኤንሲዮ የሚስማርና የቀለም ሱቅ ያለው፣ ከታይሚ ጋር ባንድ ክፍል የተማረ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው።

በሐይቁ ላይ ሜዳ የሚሠራው ከሰማይ የወረደው ለስላሳ አመዳይ ተጠርጎ ጠንካራው በረዶ ሲገለጥ ነው። የተጠረገው አመዳይ በሜዳው ዙሪያ ካብ ይሆናል፤ ሰዉም ካቡ ላይ ወጥቶ ጨዋታውን ያያል። በሌላው ዓመት ካቡ ከጉልበት አያልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ግን አመዳዩ ሳያባራ ከረመ፤ ኤንሲዮም ያን ሁሉ በትንሽ ትራክተር አስገፍቶ በሐይቁ በኩል ሁለት ሰው ቁመት ያለው ካብ አቆመ። ደረጃ አስወጣለት። ከቤተ ክርስቲያኑ መሰብሰቢያ አግዳሚ ወንበር አስመጥቶ ደረደረበት።

«ሦስት መቶ ሰው ያስቀምጣል!» አለ እጁን እያፋተገ። «ስዊድኖቹ እንዲህ ያለ ነገር ባገራቸው አይተው አያውቁም።»

«ስዊድኖቹ ባገራቸው እውነተኛ ወንበር አላቸው» አለች ታይሚ።

«አንቺ ደግሞ፣ በልጅነትሽም ደስታ አትወጂም ነበር!»

ከመክፈቻው ሁለት ቀን አስቀድማ፣ ረፋዱ ላይ፣ ታይሚ ለራሷ ልትለካ ወረደች። ከበዓሉ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። በዚያ ወቅት ፀሐይ ዘግይታ ወጥታ ሳትሞቅ ትመለሳለች፤ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ነፋስ ጸጥ ብሎ ነበር። ከከተማው የሚወጣው ጢስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዘጠኙን ቀዳዳ በሳች፤ ዱላዋ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ አንዱ ጋ ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር አሳየ። ፈረስ ከነጋሪው ይሸከማል። ደስ ብሏት ዕቃዋን ስትሰበስብ ከእግሯ ሥር ተንኳኳ።

ታይሚ የበረዶን ድምፅ ሁሉ ታውቃለች። ብርድ ሲጠና እንደ ጅራፍ ይጮሃል፤ ሲመሽ እንደምትወልድ ላም ያቃስታል፤ አንዳንዴም ከዳር እስከ ዳር እንደ ተወጠረ ጅማት ያንጎራጉራል። ይህ ግን ከእነዚያ አንዱም አልነበረም። ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ። ዝም። ከዚያ አንድ ጊዜ ኳ። በባዶ እጅ በር የሚመታ ሰው ድምፅ ነበር።

ተንበርክካ ጆሮዋን በበረዶው ላይ አደረገች። ብርዱ እንደ መርፌ ወጋት። ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ራቅ ብሎ፣ በትልቁ ካብ በኩል ነበር። ታይሚ ተነሣች፤ አልሮጠችም፤ ግን እንዴት አድርጋ ቤቷ እንደ ደረሰች ኋላ ብታስበው ሊመጣላት አልቻለም።

በማግስቱ ወደ ሄልቪ ሄደች። ሄልቪ በውድድሩ ቀን የአተር ሾርባ የምትሸጥ ባልቴት ጎረቤቷ ናት፤ በርሜል በሚያህል ድስት ፊት ቆማ አተር ትለቅም ነበር።

«ሄልቪ፣ በረዶ ያንኳኳል?»

«ያንኳኳል፣ ይዘፍናል፣ አንቺን ካገኘ ደግሞ ይጠይቅሻል። እሺ በዪው፤ ከዚህ የተሻለ አይመጣልሽም።» ይህን ብላ ስትስቅ የታይሚን ፊት አየችና ሳቋ ቆመ። እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እንዴት አድርጎ ነው የሚያንኳኳው?»

ታይሚ በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ሁለት፤ ከዚያ አንድ።

«አርማስ በሳውናው እንፋሎት ታጥቦ ሲጨርስ ግድግዳውን እንዲህ ይመታ ነበር» አለች። «እኔ ከውጭ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ተራሽ ደርሷል ማለቱ ነው።»

ሄልቪ አተሩን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ በዝግታ፣ «ነገ ሌላ ሰው ይለካ» አለች። «ኤንሲዮ ራሱ ይለካ። መሰርሰር የሚችል ክንድ አለው፤ ወሬ ብቻ አይደለም።»

«ሌላ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ድምፁ ወደሚሄድበት አትሂጂ። ሰማሽ? ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታይሚ እንደገና ወረደች፤ ለምን እንደ ወረደች ለራሷም አልነገረችም። ትናንት የበሳቻቸው ቀዳዳዎች በስሱ ግግር ተሸፍነዋል። በዱላዋ ሰበረቻቸው። በውስጣቸው ያለው ጥቁር ውሃ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት። ድምፁ ደግሞ ከጫማዋ ሥር ሥር ተከተላት። ወደ ዳር ስትመለስ ዝም ይላል፤ ወደ ካቡ ስታቀና ያንኳኳል። ካቡ ሥር ሳትደርስ ተመለሰች። ፈርታ ነበር። ተራዋ ከደረሰ፣ በዚያ በኩል እንደሆነ ታወቃት።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከአራት መቶ የማያንስ ሰው በሐይቁ ዳር ቆሟል። አራቱ ቡድኖች ባንዲራቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን አስረው ተሰልፈዋል። የስዊድኖቹ ልብስ ብጫ፣ የቼኮቹ ሰማያዊ፣ የላትቪያዎቹ ደም የመሰለ ቀይ። ከኦራቫላ ልጆች መካከል አንዱ ደፋር ጮኸ፦

«አክስቴ ታይሚ፣ ቶሎ በይልን! እግራችን በረዶ ሆነ!»

«ያንተ እግርማ ድሮም በረዶ ነው፤ ትናንት በልምምድ አይቼዋለሁ!»

ሰዉ ሳቀ። ታይሚም ፈገግ ብላ መሰርሰሪያውን ተሸከመችና ገባች። አሥር እርምጃ እንደ ሄደች የሰዉ ድምፅ በር የተዘጋበት ያህል ከኋላዋ ቀነሰ። ዘጠኙን በሳች። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ሁለት። በመሐሉ ቆማ ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰች፤ አፏን ከፈተች።

ከሥሯ ተንኳኳ። አሁን በጣት አንጓ አልነበረም፤ በጡጫ ነበር። ጫማዋ ውስጥ ጣቶቿ ሰሙት።

አፏን ዘጋች። ዞር አለችና ወደ ካቡ ሄደች። ድምፁ ፊት ፊቷ እየመራ ሄደ፤ በካቡ ጥግ አዙሮ፣ ከጀርባው፣ ሰው በማያይበት በሐይቁ በኩል ቆመ። ታይሚ እዚያ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። «እሺ፣ መጣሁ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ካቡ ላይ ተተክሎ የቀረውን አካፋ አንሥታ የካቡን እግር መቆፈር ጀመረች።

ከዳር ሲያዩ ከካቡ ጥግ ውጪ የሚወረወረው አመዳይ ብቻ ይታያል። «ወርቅ ቀብራለች መሰለኝ!» አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ። ታይሚ አመዳዩን ቆፍራ በረዶው ጋ ደረሰች፤ መሰርሰሪያውን ተከለች፤ አንድ ጊዜ አዞረችው፤ ሁለተኛ ስታዞረው መሰርሰሪያው እስከ እጀታው ሰመጠ። በገንፎ ውስጥ የገባ ማንኪያ ይመስል ነበር። ግራጫ፣ የላቆጠ፣ የበሰበሰ በረዶ ወጣ፤ ተከትሎም ጥቁር ውሃ ቀስ ብሎ ፈልቆ ጫማዋን ከበበ። ለካችው። አራት ጣት አይሞላም።

ኤንሲዮ እያለከለከ ደረሰ። በመክፈቻ ቀን ቃሉ ሳይወጣ በበረዶው ላይ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«ታይሚ! ምን ነካሽ? ቃሉን በያ! ከንቲባው ጣቶቹ ሊረግፉ ነው!»

«ና ይህን እይ።»

አየ። ድምፁ ወዲያው ወረደ። «ይህ ዳር ነው» አለ። «ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያ ነው። እዚያ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«እንግዲያውስ ይችላላ!»

«ሰዉ የሚቀመጠው የት ነው፣ ኤንሲዮ?»

ኤንሲዮ ቀና ብሎ ካቡን አየ። አመዳይ ለበረዶ ብርድ ልብስ መሆኑን፣ በሥሩ ያለው በረዶ ሞቆት ተኝቶ እንደማይወፍር፣ ሸክሙም እንደሚያጎብጠው በዚያ አገር ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ ያውቃል። ለዓሣ ሲወጣ ያውቀዋል፤ ለሆኪ ሲወጣ ይረሳዋል። ዘጠኙም ቀዳዳ ሁልጊዜ በሜዳው ውስጥ ነበር። እናቶችና ሽማግሌዎች በሚቆሙበት ሥር፣ አባቷም ሆኑ እሷ፣ አንድ ቀን እንኳ አንድ ቀዳዳ በስተው አያውቁም። ካቡ ዝቅተኛ ስለ ነበር ብቻ እግዜር አተረፋቸው።

«ስሚኝ» አለ ኤንሲዮ ክንዷን ይዞ። «አንቺ ይችላል በይ። እኔ ሰዉን በዘዴ ከዚህ አርቃለሁ፤ ወንበሩ ረጥቧል እላለሁ። አይችልም ካልሽ ግን ነገ ምን ይሉሻል? ይህቺ ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ልጆቻችንን ምን ላይ ስታቆም ኖረች ይላሉ። አባትሽንም በመቃብራቸው አይምሯቸውም።»

ያለው እውነት ነበር፤ ያመማትም እውነትነቱ ነው። ያቺ ቃል ከአርማስ በኋላ በቤታቸው የተረፈች ብቸኛ ነገር ነበረች። አባቷ በእሷ ተደግፈው ነው እስኪሞቱ ድረስ በሰው ፊት የቆሙት። እሷም ሌላ ምን አላት? ሦስት መቶውን ሰው ግን አሰበች፤ ዘዴ የማይሰማውን፣ ወንበሩ ቢረጥብም ጋዜጣ አንጥፎ የሚቀመጠውን።

በዚያን ጊዜ ከሁለቱ ሥር ተንኳኳ።

ኤንሲዮ ክንዷን ለቀቀ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ሰማኸው?»

«አልሰማሁም» አለ ኤንሲዮ። እግሮቹ ግን ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር።

ታይሚ ወደ መሐል ተመለሰች።  ባርኔጣዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ኋላ ሰዎች ሲያወሩ ያን ጊዜ ነገሩ ገባን ይላሉ።

«አይችልም!»

በሃምሳ ዓመት ተብሎ የማያውቅ ቃል ነበር። ከማዶው ጫካ ተመልሶ መጣ፤ አይችልም። የአገሩን ቋንቋ የማያውቁት ልጆች እንኳ ባንዲራቸውን ዝቅ አደረጉ። ታይሚም አላቆመችም።

«ልጆቹ በሚጫወቱበት በረዶው ወፍራም ነው። እናንተ በምትቀመጡበት አራት ጣት ነው። እዚያ ለክቼ አላውቅም። አባቴም አልለኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ግማሹን ብቻ ነው የለካሁላችሁ። ማንም እንዳይገባ!»

 ከዚያ ካንድ ጥግ፣ «ባለፈው ዓመት ሕፃን ታቅፌ እዚያ ላይ ቆሜያለሁ» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ሌላው፣ «በዚህ ሁሉ ብርድ? ዕብደት ነው፤ ባቡር ይሸከማል!» አለ። ጉርምርምታው እየጨመረ ሄደ። ታይሚና ኤንሲዮ የብሱን ሳይረግጡ ግን የሁሉም ዓይን ባንዴ ወደ ካቡ ዞረ።

ካቡ ተነፈሰ። ሌላ ስም አልተገኘለትም። ረጅም፣ እርጥብ ትንፋሽ ከሥሩ ወጣ፤ ከዚያም ያ ሁለት ሰው የሚያህል ነጭ ግድግዳ ሳይቸኩል፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ወደ ታች ተቀመጠ። ፍንዳታም፣ ጩኸትም አልነበረውም። ሲያበቃ በቦታው ጥቁር ውሃ ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮቹም በላዩ ላይ በተደረደሩበት ሥርዓት፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ይንሳፈፉ ነበር።

የላትቪያው አሠልጣኝ ጉንዲስ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከየብስ ሳይነቃነቁ ከፊቱ ቆመው ሳለ፣ በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ጨረሰና እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ከሐይቁ ወደ ወጣችው ታይሚ ቀርቦ በተሰባበረ የእነ ታይሚ ቋንቋ፣ «እመቤት፣ እንዴት አወቁ?» አላት።

«በሰው ተነገረኝ» አለች ታይሚ።

አመሰገናት የሚባል ሰው አልነበረም። ሰዉ ሊያያት ፈራ። በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይኑን ሰብሮ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ከተማው ወጣ። ሄልቪ ብቻ ከድስቷ ጀርባ ወጥታ ባርኔጣዋን ከእጇ ወስዳ በራሷ ላይ አደረገችላትና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ግጥሚያው በስምንት ሰዓት በአዳራሹ እንዲሆን ተወሰነ።

ታይሚ ከዳሩ አልሄደችም። ውሃውን ትመለከት ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲያስፈራትና ሲያስመኛት የኖረ ነገር አሁን የሚወጣ መስሏት ጠበቀች። የወጣ ነገር የለም። ብርዱ ጠንቶ ስለ ነበር ዓይኗ እያየ በውሃው ዳር ዳር ስስ ብርጭቆ ይጋገር ጀመር። ጆሮዋን ሰጠች፤ አንኳኪ የለም። አርማስ ሊወስዳት እንዳልጠራት ገብቷታል። ከሁለት ቀን ፍርሃት ይልቅ ያ ጸጥታ ከበዳት፤ እስከ ትናንት ወንድሟ የጠፋ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን የት እንዳለ ታውቃለች፤ እዚያው ትታው ልትሄድ ነው።

«ታይሚ!» ኤንሲዮ ከመንገዱ ይጣራል። ድምፁ ዛሬ ከቁመቱ አይበልጥም። «አዳራሹ ውስጥ በረዶው አልተለሰለሰም። ልጆቹ ጫማቸውን እንዳሰሩ ቆመዋል። ያለ አንቺ መኪናውን የሚነዳው የለም እኮ።»

«መጣሁ» አለች።

መሰርሰሪያዋን አነሣች። ከታላቅ ፊት እንደሚወጣ ሰው፣ ጀርባዋን ለሐይቁ ሳትሰጥ፣ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላዋ እየሄደች መንገዱ ጋ ደረሰች። ኤንሲዮ ያን እያየ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።